ሰኞ ይምጡ

የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ሽብሩ፣ የተቆለፈባቸውን አሮጌ ስልክ ስድስተኛ ፎቅ ላለው ሞባይል ጠጋኝ ከሰጡት ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጠጋኙ ቁልፉን ፈቶ፣ አዲስ ሶፍትዌር ጭኖ፣ ሲም ካርዱን የመለሰው በዚያው ዕለት ነበር። ግን ቶሎ ያለቀ ሥራ ይናቃል፤ ደንበኛ ትንሽ መመላለስ አለበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ሊዘጋ ሲል መጡ።

«ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ስጠኝ። ሰው ይፈልገኝ ይሆናል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ገና ነው ጋሼ፤ ሰኞ ይምጡ» አላቸው። «ደግሞስ እርስዎን ማን ይፈልግዎታል?»

አንገታቸውን ደፍተው ደረጃውን ወረዱ። እሱም ስልኩን እንደበራ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሊፍት ገባ። አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ መብራት ሄደ።

በሩን ደበደበ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ እስከ ሰኞ ወደ ፎቆቹ ዝር የሚል የለም። አየሩ ከበደው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። በራሱ ስልክ ብርሃን ግድግዳውን ሲያስስ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘ፦ «ሊፍቱ ከቆመ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።»

ቶሎ ብሎ ደወለ። ጠራለት፤ «ተመስገን!» አለ።

የሚጠራው ቦርሳው ውስጥ ነበር።