ሦስተኛው ምስክር

አርብ አርብ ከጸሎት በኋላ፣ እዚህ ዐረብ አገር ሳልዋ ሰፈር ባለችው የስደተኞች ኅብረታችን ክፍል ተቀምጬ ባሎቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው እህቶች የጡረታ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባልየው መሞቱን ሦስት ምስክር በጆሮዬ ካልነገረኝ አልፈርምም። በዚህ ድርድር የለም።

የዛሬዋ ባለጉዳይ ሂሩት ናት። ማዳሟ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው የፈቀደችላት። ባሏ አሥር አለቃ ጫኔ ግንባር ላይ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አበሉ አገር ቤት ላለች ልጃቸው ነው። የጫኔ ጓዶች በኢሞ በየተራ እንዲደውሉ ተነጋግረን፣ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

መጀመሪያ ታዬ ደወለ። «ሞቷል። በገዛ እጄ ቀብሬዋለሁ» አለ። ጻፍኩ።

ቀጥሎ ናኦል፣ «ሞቷል፤ ታዬ ሲቀብረው አጠገቡ ነበርኩ» አለ። እሱንም ጻፍኩ።

ጴጥሮስ ብቻ ቀረ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ።

«ጴጥሮስ ነህ?» አልኩ።

«ምስክር ነኝ» አለ ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ።

ሂሩት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «እትዬ በላይነሽ፣ ይዝጉት! የጫኔ ድምፅ ነው።»

«አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት። የሐዘንተኛ ጆሮ ስንቱን ይሰማል! ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። «ወንድሜ፣ አሥር አለቃ ጫኔ መሞቱን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«መቀበሩንስ?»

ነፋስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እኔን ትቶ እሷን ጠራት።

«ሂሩትዬ፣ መሞቴስ እውነት ነው። ታዬ ግን አልቀበረኝም።»