በሁለት አልጋ መካከል

ማሪቱና ጀምበሬ፣ ሁለቱም ቤተ እስራኤል፣ የተጋቡት እስራኤል አገር ቂርያት ማላኺ ከተማ ነው። እሷ ያደገችው ጎንደር ከተማ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ነበር። እሱ ያደገው ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤት ወጥታ ጎጆ በምትቀመጥበት መንደር ነው።

ከሠርጉ በፊት አንዲት ራባኒት፣ የረቢ ሚስት፣ ማሪቱን አስተማረቻት። አበባዋ ሲመጣ አልጋዋን እንድትለይ፣ ደሙ ቆሞ ቀኑ ሲሞላ ሚክቬ የሚባለው የመንጻት ገንዳ ገብታ በውኃው እንድትነጻ ነገረቻት። ንጹሕ ሚስት ባሏን በጸሎት ስትቀበል የአምላክ ክብር ወርዶ በመካከላቸው ያድራል፤ መኝታቸው እንደ መሠዊያ ነው አለቻት። የምትነጻበትን ማታ ግን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቀቻት። በረከቱ ያለው በምስጢሩ ነው።

ማሪቱ ይህን ከልቧ ተቀበለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ሳይተኙ በፊት አብረው ቆመው ይጸልያሉ። አንድ ማታ ጀምበሬ፣ ድምፅሽን ካልቀነስሽ ጎረቤቱ አሜን ይላል ብሎ አሳቃት።

ከዚያ አበባዋ መጣ፤ አልጋዎቹን ለየች። ቀኑ ሲሞላ ኡልፓን ዕብራይስጥ ልትማር እንደምትሄድ ነግራው ወጣች። ሚክቬ ገባች፤ ጸጉሯን አድርቃ ሻሿን አስራ ተመለሰች። አዲስ አንሶላ አነጠፈች፤ ጸለየች፤ ጠበቀችው። አልመጣም።

በሚቀጥለውም ወር አልመጣም። አልጋውን መልሶ ማስጠጋት የባል ነው ብላ እሷም አልነካችውም። ሳህን ስታቀብለው ከእጇ አይቀበልም፤ ጠረጴዛው ላይ እስክታስቀምጠው ይጠብቃል። እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከሚሠራበት የቤኤር ቱቪያ መጋዘን ሲወጣ ወደ ቤት አይመጣም። ገደራ ከተማ ደርሶ ሰንበት ሊገባ ሲል ይመለሳል። ያቭነ የምትኖረው እኅቷ ጠጅቱ አንድ ዓርብ ተከተለችው። የገባበት ቤት በር ላይ የሴት ስም አነበበች፤ የሺዓለም ይላል።

ሰንበት እንደወጣ ማሪቱ ጠየቀችው።

"ገደራ ምን አለህ?"

"ጸሎት" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጠጅቱ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "ቤሰደር፣ እሺ፣ ጸሎት። ቂርያት ማላኺ ምኵራብ ጠፋና ነው? ያላ እቴ፣ ልብስሽን ሰብስበሽ እኔ ዘንድ ነይ።"

ማሪቱ አልሄደችም። ሚክቬ መግባቷንም አልተወችም። ውኃው ውስጥ ስትጠልቅ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ባሏ ወደ አልጋዋ እንዲመለስ። ዓመታት አለፉ። ልጅ አልወለዱም። ጸሎቷ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና በመጨረሻ ዝም ብላ ጠልቃ የምትወጣ ሆነች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምግቡን አስቀምጣለት ስትመለስ፣ አፏ አላስችል አላት።

"ትጸየፈኛለህ።"

"እኔ? እኔማ እየጠበቅሁ ነው" አለ።

ምን እንደሚጠብቅ አልጠየቀችውም። ቤቱን ለቅቃ እስክትወጣለት መሰላት።

በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ጠዋት ጀምበሬ መጋዘኑ ውስጥ ለዕረፍት እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ማሪቱ ሐዘን ላይ ሳለች ጠጅቱ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። የገደራዋ ሴትዮ መጥታለች አለቻት። ማሪቱ እንባዋን ጠረገች። ሴትዮዋን በሰው ፊት የምታዋርድበትን ቃል ስታዘጋጅ ኖራለች።

የገባችው ሁለት ሰው የደገፋት የጎበጠች አሮጊት ነበረች። ከጀምበሬ መንደር የመጣች፣ ከሞቱ የቆዩት የመንደሩ ቄስ ሚስት ናት አሉ። ማሪቱ አጠገብ አስቀመጧት። አሮጊቷ እጇን ልትይዛት ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበች። ቃሉ ከማሪቱ አፍ ሊወጣ ሲል፣ አሮጊቷ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀደመቻት።

"ልጄ፣ ደሙ ቆመልሽ? 'ነጻሁ እስክትለኝ አልነካትም' እያለ በየዓርቡ ላንቺ ሲያስጸልየኝ ነው የኖረው።"