የመለኪያው መርፌ

«ሁሉንም አጥፋልኝ» አለችና ስልኳን በአጥሩ ሽቦ መሃል አሾልካ ሰጠችው። በሌላ እጇ ባዶ ጀሪካን ይዛለች።

የፓምፑ ጠባቂ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት። የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ቤቷ ከግቢው ዝቅ ብሎ ነው። የጉድጓዷ ውሃ ከነጠፈ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

«ምኑን ነው የማጠፋው?»

«አንተው አይደለህ የነገርከኝ? የሰው ኢሜይል ሁሉ እዚህ ቤት ተከምሮ ይግላል፣ እሱን ለማብረድ ፓምፑ የምድሩን ውሃ ይምጋል ብለህ። የማያስፈልገንን ብናጠፋ ጉድጓድሽ በተመለሰ ብለህ።»

ብሏል። እሑድ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ለጨዋታ ያህል። ከጀርባው መስኮት የሌለው ሕንፃ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ውስጡ ያሉት ማሽኖች የስንት ሚሊዮን ሰው ደብዳቤ ተሸክመዋል፤ የእሷ ድርሻ ከባሕር በጭልፋ ነው። ይህንን ግን እሑድ ዕለት አልጨመረበትም።

ማስታወቂያውን አጠፋ። ካለፈው ዓመት የቀረውን የቅናሽ ወሬ አጠፋ።

«አክስትሽ በየማለዳው አበባ ነው እንዴ የምትልክልሽ?»

«ከነዘፈኑ። አንዱንም አሽትቼው አላውቅ።»

ሁለቱም ሳቁ። አበባው ሁሉ ሄደ።

ከዚያ አውራ ጣቱ ቆመ። የወንድሙ ስም ነው። በሰው አገር ሲሠራ፣ መጻፍ ስለሚሰለቸው፣ ድምፁን እየቀዳ በኢሜይል ይልክላት ነበር። ሁለት መቶ ዐሥር ናቸው። አንዱን ሳትሰማ እንደማትተኛ ልጆቿ ነግረውታል።

«ይኼ ይቅር» አለ።

«እሱም ውሃ ይጠጣል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው ጋሼ? አንድ ብርጭቆ?»

አያውቅም። አላውቅም ማለት ግን አቃተው።

«በቁሙም ውሃ አይጠግብ ነበር» አለች ፈገግ ብላ። ፈገግታው አልቆየም። «አሁን ልጆቹ ይጠጡ። አጥፋው።»

ወደ መጣያው ላከው። መጣያው የጣሉበትን ሠላሳ ቀን እንደሚያቆይ ያውቃል፤ በዚያ ተጽናና። እሷ ግን ዐይኗን ከስልኩ አልነቀለችም።

«ገና እዚያው አለ እኮ። ጥግ ላይ ሰብስቦ መተውማ መጥረግ አይባልም።»

ስልኩን ተቀበለችው። ማጥፊያውን ስትነካ ስልኩ መጣያው ለዘለዓለም ባዶ ይሁን ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ስሚኝማ» አለ ጠባቂው።

ተጫነችው።

ጀሪካኗን መሬት ላይ አኖረች። በአጥሩ ሥር ወደሚያልፈው ወፍራም ቧንቧ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ብዙ ቆየች።

«ቀነሰ፣ አይደል?» አለች ቀና ሳትል።

የፓምፑ ውሃ መለኪያ ከኋላው ግድግዳው ላይ ነው፤ ከአጥሩ ማዶም ይታያል። መርፌው ጠዋት ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለና በጀርባው ከለለው።