ትርፍ ሰው ፍለጋ

ፎርማን ኦዶንጎ ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ያሠራ ነበር። የሚያሠራው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በድምፁ ብቻ ነው። እግዜር የሰጠው ጉሮሮ ሰባተኛ ፎቅ ያለውን ግንበኛ ያስደነግጣል።

ሰኞ ጠዋት ተቋራጯ ማማ አዎር መጡ።

"ባለፈው ሕንፃዬ ፎርማኔ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞቶብኝ፣ ሥራ ቆሞ ከስሬያለሁ" አሉት። "ዘንድሮ ኪሳራ አልችልም። እዚህ አንድ ትርፍ ሰው አለ። የጠረጠርከውን ከስር ከስሩ እየሄድክ አጣራና በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስሙን አምጣ። ካጣህ የምትሰናበተው አንተ ነህ።"

ኦዶንጎ ሦስት ሴት ልጆች ያስተምራል። ሲያስብ ውሎ ዓይኑ የግንባታው ነርስ ሲስተር ናፉላ ላይ አረፈ። ነርሷ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው። የመጣች ዕለት የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ወንበሩ ድረስ ብትሄድ፣ "እኔ ብረት ነኝ፤ ሲሚንቶ ተሸካሚዎቹን ለኪ" ብሎ መልሷታል። ከዚያ ወዲህ የታመመም የወደቀም የለም። በሽተኛ በሌለበት ነርስ ምን ትሠራለች?

ከማክሰኞ ጀምሮ ተከተላት። ደረጃውን ወጣች፤ እሱም ወጣ። በየፎቁ አንዱን ውኃ ጠጣ ትላለች፣ ሌላውን ቀበቶህን እሰር ትላለች። ራሴን አዞረኝ ያለውን ግንበኛ ከመወጣጫው አውርዳ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ለኦዶንጎ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ እሷም ቆማ ታወራለች፤ ትንፋሹ ሲመለስ መንገዷን ትቀጥላለች። አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችውም።

ደግሞ ሲስተር ሽቅብ የምትነሳው ልክ ማንዳዚ ሻጯ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ ትኩስ ትኩሱን ይዛ በር ላይ ስትደርስ ነው። ኦዶንጎ ማንዳዚውም፣ ስኳር የበዛበት ሻዩም አመለጠው።

ግንበኛው ጁማ ከላይ ሆኖ፣ "ፎርማን፣ በሚስትህ ላይ ልትደርብ ነው? ሽማግሌ እንላክልህ?" አለው።

"ጡብህን ደርድር አንተ።"

በሦስተኛው ሳምንት ሱሪው ሰፋው። ረኃብ ነው አለ። ጠዋት ጠዋት የሚፈልጠው ራስ ምታትም ጠፋ፤ ጸሎቴ ተሰማ ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ማማ አዎር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቆመው አስጠሩት። ወጣ።

"ትርፏ ነርሷ ናት፣ ማማ" አላቸው። "ወር ሙሉ ከኋላዋ አልጠፋሁም። ደረጃ ስትወጣ ደረጃ ስትወርድ ነው የምትውለው። የሚታመም በሌለበት ደመወዝ ትበላለች።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በልጆቼ።"

"አሁን ስትወጣ የት የት አረፍክ?"

"ምን ያሳርፈኛል? በአንድ ትንፋሽ ነው የመጣሁት።"

ማማ አዎር ወደ ታች አጎንብሰው ተጣሩ።

"ሲስተር፣ 'ትርፍ ሰው ፈልግ በሉትና ይከተለኝ' ያልሽኝ በሽተኛሽ ሰባቱንም ፎቅ ሳያርፍ ወጥቶልሻል፤ በይ ትርፉን ወንበር ፍለጪው።"