የፔታርድ ቃል

ሄቲ ከባሕር በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው ቤቷ፣ በበሩ ሥር የገባውን ወረቀት አነበበች። የጻፈው ካኮረፋቸው ዓመት ያለፈው ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው አስተማሪ ፔታርድ ነበር፦ «ፕሪሞኒሽ አደርጋችኋለሁ፤ በባሕሩ በኩል ያለውን ክፍል ልቀቁ።»

«ምን ማለቱ ነው?» አለችው ባሏን።

«እኔ ምን አውቄ! ሽማግሌው እንግዳ ቃል ካልተናገረ ቁርሱ አይወርድለትም» ብሎ ሳቀ ሲሪል።

መዝገበ ቃላቱን ገለጠች። «አደጋ ሳይደርስ ማስጠንቀቅ» ይላል። ቀና ስትል በሕፃኗ አልጋ ራስጌ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነፋስ ያስገባል። ልጇን አንሥታ ወደ ደጅ ሮጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብርዱ!» እያለ ሲሪል ብርድ ልብስ ይዞ ተከተላት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ምድር አጓራች፤ ክፍሉ ከነአልጋው ተንዶ ባሕር ገባ።

ሲሪል ሣሩ ላይ ተዘረፈጠ። በጣቱ ሚስቱን፣ ልጁን፣ ራሱን ቆጠረ። «ሦስት ነን አይደል?» አላትና እንደገና ቆጠረ።