ቢጫ ጥፍር

የውሃ ዋናው ትምህርት ሳይጀመር ተበላሸ፤ ጆይስ ከሻወሩ አልወጣም አለች።

በቀለች በሩ ፊት ቆማለች። በዋና ልብሷ ላይ ነጠላዋን አገልድማለች፤ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ጭኗን ለሴንት አልባንስ ሰፈር ሕዝብ ለማሳየት ገና አልቆረጠችም። ከበሩ ጀርባ ውሃው ይወርዳል። ሁለቴ ቆሞ ነበር፤ ሁለቴም ተመልሶ ተከፈተ።

«አንቺ ጆይስ! ገንዳ ሙሉ ውሃ እያለ እዚህ ምን ያንቦጫርቅሻል?» በቀለች ስትቆጣ እንግሊዝኛዋ ይፈታል።

«መጣሁ።»

«መጣሁ ካልሽ ቆየሽ። አሠልጣኟ ልትጀምር ነው።»

የመዋኘቱ ሐሳብ የራሷ የጆይስ ነበር። ጆይስ አቦርጂናል ናት፣ ነጮች ሳይመጡ ከነበረው ከአገሩ ነባር ሕዝብ፤ ሰፈሩ በሙሉ በአክብሮት «አንቲ»፣ አክስቴ፣ ይላታል። ሳልሞት አንዴ ውሃ ላይ ልንሳፈፍ እያለች ጎረቤቷን በቀለችን ሁለት በጋ ሙሉ ነዝንዛታለች። የዋና ልብሱንም አንድ ዓይነት፣ ሐምራዊ፣ አብረው ነው የገዙት።

«ፈራሽ እንዴ?» አለች በቀለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ውሃ አልፈራም። በልጅነቴ ከተማችን ውስጥ ገንዳ ነበር። ለእኛ ግን ክልክል ነው፣ በሕግ። በኋላ ሕጉ ተነሳ ተባለ። እናቴ ቆዳዬ እስኪላጥ ፈትጋ አጥባ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ነርስ አቁመዋል። የነጮቹ ልጆች እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ያልፋሉ። የእኛን ጸጉር ግን ታያለች፣ ጥፍር ታያለች።»

«እና?»

«ቆሻሻ ነሽ፣ ተመለሺ አለችኝ።»

በቀለች እዚህ ነርስ የለም ልትል ነበር። ጆይስ ይኼን መች አጣችው።

በቀለች በርከክ አለች። ጉልበቷ ጮኸባት። ከዚያ እጇን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ሰደደች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እጄ ነዋ! አሽቺው። ከጠዋት ጀምሮ አልጫ ስሠራ ነበር። ጥፍሬን እዪው፣ እርዱ ቢጫ አድርጎታል። እኔ ጭራሽ አልታጠብኩም፤ እንዲሁ ነው የምገባው። የሚከለክል ካለ መጀመሪያ እኔን ይከልክል!»

«ገንዳውን ወጥ ልታደርጊው ነው።»

«ላድርገው! ቶሎ በይ፣ ከዚህ የሚያነሳኝ ሰው የለም።»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። እርጥብ ጣቶች የበቀለችን ጥፍሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አውራ ጣቷ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

ውሃው ጸጥ አለ።

በሩ ተከፈተ። ጆይስ ክርኗ ከመፈተግ ብዛት ተልጧል። ጎንበስ ብላ በቀለችን በብብቷ ደግፋ አነሳቻት፤ ከወገቧ የተፈታውን ነጠላ መልሳ አገለደመችላት። የፈተገችበት ሳሙና ሻወሩ ወለል ላይ ቀርቷል። ዘወር ብላ አየችው፤ በሩንም ዘጋችበት።