ጉበት ለወንድም
ሐኪሟ ወረቀት ላይ የሐሞት ቱቦ ሥለው ዙሪያውን በነጥብ ሞሉት።

«እነዚህ ከበሽታ የሚከላከሉልህ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንተ ላይ ግን የገዛ ቱቦህን ጠላት ብለው ያዙት። ያቆስሉታል፤ ቁስሉ ሲጠግግ ቱቦው ይጠባል፤ ሐሞቱም ጉበትህ ውስጥ ይቀራል።»

«መዳፌን ሲያሳክከኝ ሳሙናው ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለ አዝመራው፣ ቢጫ ዓይኖቹን ከነጥቦቹ ላይ ሳያነሳ። «የሚያስቆማቸው መድኃኒት የለም?»

«እስካሁን የለም። የቀረን ውጭ ሄዶ ከዘመድ ተከፍሎ በሚሰጥ ጉበት መቀየር ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ታናሽ እህቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ልጅ ሆነንም የእኔን ድርሻ ሲበላ ነው ያደገው። ጉበቴንም ይውሰድ፣ ዶክተር። የደም ዓይነታችን አንድ ነው።»

አዝመራው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «የጉዞውን ገንዘብስ ከየት እናመጣለን፣ ስንዱ?»

«እሱማ እየመጣ ነው!» አለች መዳፏን ጉልበቷ ላይ እያሸች። «ከፋሲካ ወዲህ መዳፌን እንዴት እንደሚበላኝ! እንቅልፍ እንኳ ነሳኝ።»

ሐኪሟ እርሳሳቸውን አስቀመጡና መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«እስቲ ልጄ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ። ዓይንሽን ልየው።»